ሞክሼዎቹን በምን እንለያቸዋለን?

ወደ ቃሊቲ በሚወስደው ታክሲ ተሳፍረው «አቦ ጋ ወራጅ አለ» ቢሉ፣ ረዳቱ «የትኛው አቦ?» ብሎ አይጠይቅም፤ መንገዱ ራሱ ይነግረዋል። ከሌላ ሰፈር ለሚደውልልዎ ወዳጅ ግን «አቦ ነኝ» ማለት አይበቃም። የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ደብር ያለበት ሁሉ አቦ ነው፤ ዝቋላም አቦ ነው። ስለዚህ «ሳሪስ አቦ» ይላሉ።

የሰው ስምም መለያ ይፈልጋል። አንድ ስም የሚጋሩ ሰዎች ሞክሼ ይባላሉ፤ «ሞክሼ» እየተባባሉም ይጠራራሉ። ሰፈር ውስጥ «ረጅሙ» ወይም «መካኒኩ» ብሎ መለየት ይቻላል። በታሪክ ውስጥ ግን የመለየቱ ሥራ የአባት ስም ነው።

«መንግሥቱ»ን እንውሰድ። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. በንጉሠ ነገሥቱ ላይ የተነሣው የክብር ዘበኛ አዛዥ መንግሥቱ ንዋይ ነው። በጥር 1954 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካን ዋንጫ ስትወስድ አራተኛዋን ጎል ያገባው መንግሥቱ ወርቁ ነው። «ጠልፎ በኪሴ»ን የጻፈው መንግሥቱ ለማ፣ እስከ 1983 ዓ.ም. አገር የገዛው ደግሞ መንግሥቱ ኃይለ ማርያም። አራቱ ከስማቸው በቀር የሚያገናኛቸው ዝምድና የለም። «መንግሥቱ መፈንቅለ መንግሥት ሞከረ» ብቻ ብሎ የጻፈ ተማሪ አንባቢውን ወደ ተሳሳተው ሰው ሊልከው ይችላል።

እዚህ ላይ ፈረንጅ የአባትን ስም የቤተሰብ ስም እያደረገ ብዙ ጊዜ ይሳሳታል። በአሜሪካ ሁለተኛው ስም የቤተሰብ ነው፤ ከአያት ወደ ልጅ ልጅ ይተላለፋል። አባትና ልጁ ሁለቱም ፕሬዚዳንት ሆነው ሁለቱም ጆርጅ ቡሽ ስለተባሉ፣ መለያው የመካከል ስም ፊደል ሆነ። የእኛ ሁለተኛ ስም ግን የአንድ ሰው፣ የአባት ስም ነው። በሚቀጥለው ትውልድ ወደ አያትነት ይሸሻል።

ታዲያ ሁለተኛው ስም ሲመሳሰል ዝምድና አለ ማለት ነው? አንዳንዴ አዎ፦ መንግሥቱ ንዋይና ገርማሜ ንዋይ ወንድማማቾች ነበሩ፤ ቀነኒሳ በቀለና ታሪኩ በቀለም እንዲሁ። አንዳንዴ ግን በቀለ የሚባሉ ሁለት የማይተዋወቁ አባቶች ብቻ ይሆናሉ። ስም ሲለያይም ዝምድና ላይጠፋ ይችላል። ጥሩነሽ ዲባባና ገንዘቤ ዲባባ እኅትማማቾች መሆናቸውን ስማቸው ይነግረናል፤ በ1984 ዓ.ም. በባርሴሎና ኦሊምፒክ ወርቅ ያመጣችው ደራርቱ ቱሉ ዘመዳቸው መሆኗን ግን ስሟ አይነግረንም። እሷን ከእነርሱ ጋር የሚያያይዛት ደምና የአርሲዋ በቆጂ ናቸው። ስለዚህ ሰውን ለማወቅ ሦስት ጥያቄ ይጠየቃል፦ ስምህ ማነው? የማን ልጅ ነህ? አገርህ የት ነው?

ከሦስቱ ሁለተኛውን መንግሥቱ ለማ እስከ መጨረሻው ተከትሎታል። አባቱን አለቃ ለማን አጠገባቸው ተቀምጦ ጠየቃቸው፤ የነገሩትንም በመጽሐፍ አወጣው። በርዕሱ ላይ ለማ፣ ኃይሉ፣ ወልደ ታሪክ ተደርድረዋል። ከሌሎቹ መንግሥቱዎች የለየው ስም በዚያ መጽሐፍ ውስጥ ራሱ ይናገራል።