አዲስ ተከላካይ ሲሳሳት ስለ መፍረድ

ገበሬ ወይፈኑን ለመጀመሪያ ጊዜ በቀንበር በጠመደው ቀን ፈሩ ይጣመማል። ወይፈኑ አንድ ጊዜ ይቸኩላል፤ አንድ ጊዜ ደግሞ ጓደኛው ሲሄድ እርሱ ይቆማል። ነገር ግን አስተዋይ ገበሬ ስለ አንድ ጠማማ ፈር ብሎ ወይፈኑን ለሻጭ አይነዳውም። አስቀድሞ ፈሩ ስለ ምን እንደ ተጣመመ ይመረምራል። ምናልባት መሬቱ ድንጋያማ ነው፤ ምናልባት ቀንበሩ አልተስተካከለም፤ ምናልባትም ገበሬው ራሱ እርፉን አጋድሎ ይዞ ነበር። ይህን ሁሉ ከመረመረ በኋላ የወይፈኑ ጥፋት የትኛው እንደ ሆነ ይለያል፤ የለየውንም ያርማል።

በእግር ኳስ ጨዋታም እንዲሁ ያለ ምርመራ ያስፈልጋል። በእያንዳንዱ ወገን 11 ሰዎች ይሰለፋሉ። ከእነዚህ አንዱ በረኛ ነው፤ እርሱ ብቻ በራሱ ክልል ውስጥ ኳስን በእጁ ሊይዝ ይችላል። ከበረኛው ፊት የሚቆሙት ተከላካዮች ይባላሉ። ሥራቸውም የባላጋራው አጥቂ ወደ ጎል እንዳይደርስ መንገዱን መዝጋት፥ የመጣውን ኳስ ማራቅ፥ ከበረኛውም ጋር እየተጠራሩ በሩን መጠበቅ ነው።

የተከላካይ ሥራ በማማ ላይ ሆኖ ማሳ የሚጠብቅ ልጅን ሥራ ይመስላል። ልጁ ከጧት እስከ ማታ ዝንጀሮዎችን ሲያባርር ይውላል፤ ማንም አያየውም፤ ማንም አያመሰግነውም። አንድ ቀን ግን ጥቂት ዝንጀሮዎች አምልጠው ወደ ማሳው የገቡ እንደ ሆነ የመንደሩ ሰው ሁሉ የተበላውን እሸት እያየ «ጠባቂው የት ነበር?» ይላል። አጥቂ ኳሱን አምስት ጊዜ ስቶ በስድስተኛው ቢያገባ ስሙ ይነሣል፤ ተከላካይ ግን ብዙ ጊዜ አድኖ አንድ ጊዜ ቢስት የሚነገርለት የሳተው ብቻ ነው። ስለዚህ በተከላካይ ላይ የሚፈርድ ሰው የሚታየውን ብቻ ሳይሆን የማይታየውንም ሥራ መቍጠር ይገባዋል።

ይህን ነገር በእውነተኛ ታሪክ መረዳት ይቻላል።

ሎራን ኮሲየልኒ የፈረንሳይ አገር ሰው ነው። በ2002 ዓ.ም. (በፈረንጆች አቈጣጠር በ2010) ክረምት ሎሪያን ከሚባለው የፈረንሳይ ቡድን ወጥቶ በሎንዶን ከተማ ወዳለው ወደ አርሰናል ገባ። ከጥቂት ዓመታት በፊት በቱር ከተማ ቡድን ውስጥ በአገሩ ሦስተኛ ደረጃ ውድድር ይጫወት ነበር፤ በአንደኛውም ደረጃ የተጫወተው አንድ ዓመት ብቻ ነበር። እንግዲህ አገሩ አዲስ፥ ቋንቋው አዲስ፥ ጓደኞቹም አዲሶች ሆነው ሳሉ ከታላላቆቹ የእንግሊዝ ቡድኖች በአንዱ ውስጥ ተከላካይ ሆኖ ቆመ።

በሊጉ የመጀመሪያ ጨዋታው ነሐሴ 9 ቀን 2002 ዓ.ም. በሊቨርፑል ሜዳ ነበር። በዚያ ቀን አንድ ባላጋራ በብርቱ መትቶት በቀይ ካርድ ተባረረ። በጨዋታው ፍጻሜ ግን ኮሲየልኒ ራሱ ሁለተኛ ቢጫ ካርድ አይቶ ወጣ። ጨዋታውም 1 ለ 1 ተፈጸመ። ያን ቀን ብቻ የተመለከተ ሰው «ይህ ሰው ለዚህ ሥራ አይበቃም» ለማለት ይቸኩል ነበር።

ከስድስት ወር በኋላ፥ የካቲት 9 ቀን 2003 ዓ.ም.፥ አርሰናል ከስፔን ቡድን ከባርሴሎና ጋር ተጋጠመ። ኮሲየልኒ በዓለም ሁሉ ስሙ የታወቀውን ሊዮኔል ሜሲን ከሚከላከሉት አንዱ ነበር፤ ሜሲም በዚያ ቀን ጎል አላገባም፤ አርሰናልም 2 ለ 1 አሸነፈ። በዚያች ማታ አዲሱን ተከላካይ ያመሰገኑት ብዙዎች ነበሩ።

ነገር ግን ምስጋናው 11 ቀን ብቻ ቆየ። የካቲት 20 ቀን በዌምብሌይ ሜዳ አርሰናልና በርሚንግሃም ሲቲ ለሊግ ዋንጫ ተጋጠሙ። አርሰናል ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ አንድም ዋንጫ አላገኘም ነበርና ወዳጆቹ ይህን ቀን በብርቱ ናፍቆት ጠበቁት። ለበርሚንግሃም ረጅሙ ኒኮላ ዚጊች በጭንቅላቱ አገባ፤ ሮቢን ቫን ፐርሲም ለአርሰናል አስተካከለ። ከዚያ በኋላ የአርሰናል ሰዎች ደጋግመው ቢሞክሩ የበርሚንግሃም በረኛ ቤን ፎስተር መለሰባቸው።

ሊፈጸም አንድ ደቂቃ ያህል ሲቀረው፥ በ89ኛው ደቂቃ፥ ፎስተር ኳሱን ከሩቅ መታው። ዚጊች በጭንቅላቱ ነካው፤ ኳሱም ወደ አርሰናል በር አመራ። ኮሲየልኒ በእግሩ መትቶ ሊያርቀው ሄደ። በረኛው ቮይቼክ ሼዝኒም በእጁ ሊይዘው ወጣ። ሁለቱ በአንድ ኳስ ላይ ተደናገሩ፤ አንዱ ሌላውን አወከው፤ ኳሱም ከበረኛው እጅ አፈትልኮ በኦባፌሚ ማርቲንስ እግር ሥር ወደቀ። ማርቲንስም ባዶ በር አግኝቶ አገባ። ዋንጫው 2 ለ 1 ወደ በርሚንግሃም ሄደ።

ከዚህ በኋላ የሰው ቍጣ በሁለቱ ላይ ወረደ። እንግዲህ በዚህ ቦታ ቆሞ እንደ ዳኛ መመርመር ያስፈልጋል። ዳኛ ከሳሽን ብቻ ሰምቶ አይፈርድም፤ የተከሳሽን ቃልና የምስክሩንም ነገር ይሰማል። በሜዳ ላይም የሚፈርድ ሰው አራት ነገር ይጠይቅ።

መጀመሪያ፥ ኳሱ ከየት ተነሣ ብሎ ይጠይቅ። ጎርፍ የእርሻውን እርከን ሲያፈርስ ሰው የሚያየው የፈረሰውን የመጨረሻውን እርከን ነው፤ ውሃው ግን ከላይ ነው የመጣው። ጎልም እንደዚሁ ነው። በዌምብሌይ ኳሱ ከበርሚንግሃም በር አጠገብ ተነሥቶ ሜዳውን ሁሉ አልፎ መጣ። ዚጊች በጭንቅላቱ ሲነካው ያልከለከሉት ሌሎች ነበሩ፤ ከዚያም በፊት ያገኙትን ዕድል ሁሉ ወደ ጎል ያልለወጡት አጥቂዎች ነበሩ። ጥፋቱ በመጨረሻው ሰው ላይ ታየ እንጂ በእርሱ ብቻ አልተጀመረም።

ሁለተኛ፥ ጥፋቱ የስንት ሰው ነው ብሎ ይጠይቅ። በረኛው «የእኔ ነው» ብሎ አሰምቶ ቢጮኽ ተከላካዩ በተወው ነበር፤ ተከላካዩም ቀድሞ ቢወስን በረኛው ወደ ኋላ በቆየ ነበር። ሼዝኒ በዚያን ጊዜ የ20 ዓመት ጐልማሳ ነበር፤ የአርሰናልንም በር ዘወትር መጠበቅ የጀመረው በዚያው የውድድር ዓመት ነው። ኮሲየልኒም በእንግሊዝ አገር አንድ ዓመት አልሞላውም። ገበሬ ወይፈኑን ከለመደ በሬ ጋር የሚያጠምደው እንዲማር ነው፤ ሁለት ወይፈን በአንድ ቀንበር በተጠመዱ ጊዜ ግን ፈሩ ቢጣመም አያስደንቅም።

ሦስተኛ፥ የስሕተቱ ዓይነት ምንድር ነው ብሎ ይጠይቅ። ስሕተት ሁሉ አንድ አይደለምና። ካለማወቅ የሚመጣ ስሕተት አለ፤ መድኃኒቱ ትምህርት ነው። ካለመላመድ የሚመጣ ስሕተት አለ፤ መድኃኒቱ ጊዜና ልምምድ ነው። ከችኮላ የሚመጣ ስሕተት አለ፤ መድኃኒቱ ትዕግሥት ነው። ከስንፍና የሚመጣ ስሕተትም አለ፤ ይህ ተግሣጽ ያስፈልገዋል። ተከላካይ ባላጋራው ሲሮጥ እያየ እርሱ ቆሞ ቢመለከት ይህ ስንፍና ነው። ኮሲየልኒ ግን በዚያች ደቂቃ አልቆመም፤ ኳሱን ለማዳን ሮጠ፤ የሳተውም ከጓደኛው ጋር አለመግባባቱ ነው።

አራተኛ፥ ስሕተቱ ተደጋገመን ወይስ ታረመ ብሎ ይጠይቅ። አንድ ጊዜ የሆነ ስሕተት መከራ ነው፤ ከተማሩ በኋላ የሚደጋገም ስሕተት ግን ልማድ ነው። ይህንንም በአንድ ቀን ማወቅ አይቻልም። ፍርዱ እውነተኛ ይሆን ዘንድ ጊዜ ምስክር ሆኖ መቆም አለበት።

ነገር ግን ማንም ሰው ይህን ሲሰማ ስሕተት ሁሉ ይሸፈን ማለት አይምሰለው። አሠልጣኝ ለአዲሱ ተጫዋች አዝኖ ጥፋቱን ባይነግረው ወዳጅ አልሆነውም። ቍስሉ እንዳያመው ብሎ ሳያጥብ የሚሸፍን ሰው ቍስሉን ያመረቅዘዋል። ጥፋትን መናገርና ጥፋተኛን መጣል ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የፊተኛው ያንጻል፤ የኋለኛው ያፈርሳል።

የአርሰናል አሠልጣኝ አርሴን ቬንገር ኮሲየልኒን አልጣለውም፤ ማሰለፉንም ቀጠለ። መንገዱ ግን በአንድ ቀን አልቀናም። በነሐሴ 2003 ዓ.ም. አርሰናል በማንቸስተር ዩናይትድ 8 ለ 2 ሲሸነፍ ኮሲየልኒ ከተከላካዮቹ አንዱ ነበር። በዚያው የውድድር ዓመት ፍጻሜ፥ ግንቦት 5 ቀን 2004 ዓ.ም.፥ አርሰናል ዌስት ብሮምን 3 ለ 2 ሲያሸንፍ ሦስተኛውን ጎል ያገባው እርሱ ነው፤ ቡድኑም በዚያ ድል በሊጉ ሦስተኛ ሆነ።

ከዚያም ግንቦት 9 ቀን 2006 ዓ.ም. ደረሰ። አርሰናል በዚያው በዌምብሌይ ሜዳ ለኤፍ ኤ ዋንጫ ከሀል ሲቲ ጋር ተጋጠመ። ጨዋታው በተጀመረ በ8 ደቂቃ ውስጥ ሀል ሁለት ጎል አገባ። የአርሰናል ወዳጆች የዱሮው ኀዘን የተመለሰ መሰላቸው። ሳንቲ ካዞርላ በቅጣት ምት አንዱን መለሰ። በ71ኛውም ደቂቃ ከማዕዘን ምት በኋላ ኳሱን ወደ በሩ አግብቶ 2 ለ 2 ያደረገው ኮሲየልኒ ነው። በተጨማሪው ሰዓት አሮን ራምሴ ሦስተኛውን ጨመረ፤ አርሰናልም ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ዋንጫ አገኘ። ከሦስት ዓመት በፊት በዚያ ሜዳ ዋንጫውን አጠፋ የተባለው ሰው በዚያው ሜዳ ዋንጫውን ካመጡት አንዱ ሆነ።

ኮሲየልኒ እስከ 2011 ዓ.ም. ድረስ በአርሰናል ቆየ፤ ከ350 ጊዜ በላይ ተሰለፈ፤ የቡድኑም አምበል ሆነ። እንዲህም ሆኖ ከስሕተት ፈጽሞ አልነጻም። በ2009 ዓ.ም. በሊጉ የመጨረሻ ቀን በቀይ ካርድ ወጥቶ ስለ ነበረ ቡድኑ የኤፍ ኤ ዋንጫን ሲያገኝ እርሱ በሜዳው አልነበረም። አባቶች «ሰው ሆኖ የማይሳሳት፥ እንጨት ሆኖ የማይጨስ የለም» ያሉት ስለዚህ ነው። መልካም ተከላካይ የሚባለው ከቶ ያልሳተ አይደለም፤ ስቶ የተማረ ነው እንጂ።

በትምህርት ቤት ሜዳ አንድ አዲስ ልጅ ከጓደኞቹ ጋር ተሰልፎ በእርሱ በኩል ጎል የገባ እንደ ሆነ ምን ይደረግ? ጓደኞቹ ቢጮኹበት ልጁ በሁለተኛው ጊዜ ኳሱን ይፈራዋል፤ የፈራም ልጅ ሌላ ጎል ያስገባል። ስለዚህ ጩኸታቸው የሚጐዳው እርሱን ብቻ ሳይሆን ራሳቸውንም ነው። ነገር ግን አንዱ ቀርቦ «እንዲህ ብለህ ቁም፤ እኔም ከኋላህ ሆኜ እጠራሃለሁ» ቢለው ልጁ ይማራል፤ ቡድኑም ይጠነክራል። የሳተውም ልጅ ጥፋቱን በሌላ ላይ አያላክ፤ «ይህ የእኔ ነው» ብሎ ይመን፤ ከዚያም አንገቱን ሳይደፋ ወደ ቦታው ይመለስ።

ዛሬ በሌላው ላይ በችኮላ የፈረደ ልጅ ነገ እርሱ ደግሞ በሚስትበት ቀን የሚፈረድበት በዚያው ሚዛን ነው። እንግዲህ ለራሱ የሚመኘውን ሚዛን ለባልንጀራው አስቀድሞ ያብጅ።

ጥያቄ

1. ማሳ ጠባቂው ልጅና ተከላካይ በምን ይመሳሰላሉ?
2. በየካቲት 20 ቀን 2003 ዓ.ም. ሁለተኛው ጎል እንዴት ገባ? ጥፋቱስ የማን የማን ነበር?
3. በተሳሳተ ሰው ላይ የሚፈርድ ሰው የሚጠይቃቸው አራቱ ነገሮች ምንድር ናቸው?
4. ጥፋትን መናገርና ጥፋተኛን መጣል በምን ይለያያሉ?
5. በሥራ ወይም በጨዋታ አዲስ ስለ ሆነና ስለ ተሳሳተ አንድ ልጅ አስቡ። ምን ብላችሁ ትረዱታላችሁ? በሦስት መስመር ጻፉ።