ዋጋን ቀድሞ መቁረጥ፣ ዘግይቶ መግባት፦ የኢንተርኔት ጨረታ ስልትና ወግ

በአገራችን ጨረታ ሲባል ለብዙዎች ትዝ የሚላቸው በሰም የታሸገ ፖስታ፣ ከፖስታው ጋር የሚገባው ሲፒኦና ተጫራቾች ወይም ሕጋዊ ወኪሎቻቸው በተገኙበት የሚከፈተው ሳጥን ነው። በዚህ ዓይነቱ ጨረታ አሸናፊው የሚከፍለው ራሱ የጻፈውን ዋጋ በመሆኑ፣ ነጋዴው ዕቃው ያወጣል ብሎ ከሚያምንበት ቀነስ አድርጎ መጻፍን ይለምዳል። ይህን ልማድ ይዞ ወደ ኢንተርኔት ጨረታ የሚገባ ሰው ግን ወይ ዕቃውን ያጣል፣ ወይ ካሰበው በላይ ከፍሎ ይወጣል። የኢንተርኔቱ ጨረታ የሚመራው በሌላ ደንብ ነውና።

የሁለተኛው ሰው ዋጋ

ከኢንተርኔት ጨረታዎች ሁሉ ይበልጥ የታወቀው ፒየር ኦሚድያር የተባለው የኮምፒዩተር ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1995 በካሊፎርኒያ የጀመረው፣ በኋላ ኢቤይ የተባለው ገበያ ነው። በዚያ ገበያ ተጫራቹ የሚያስገባው ወዲያው የሚከፍለውን ሒሳብ ሳይሆን «ከዚህ በላይ አልሄድም» የሚልበትን ጣራ ነው። ጣራውን ሌሎች ተጫራቾች አያዩትም። ኮምፒዩተሩ እንደ ታማኝ ወኪል ሆኖ፣ ተፎካካሪው የሰጠውን ዋጋ በአንድ እርከን ብቻ እየበለጠ ይጫረትለታል። እርከኑ ከ25 እስከ 100 ዶላር ባለው ዋጋ ላይ 1 ዶላር ሲሆን፣ ከ100 እስከ 250 ዶላር ባለው ላይ ደግሞ 2 ዶላር ከ50 ሳንቲም ነው።

ከዚህ የምንረዳው የአሸናፊውን ክፍያ የሚወስነው ከእርሱ ቀጥሎ የወጣው ተጫራች መሆኑን ነው። ዊልያም ቪክሪ የተባሉት የኢኮኖሚክስ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1961 ባሳተሙት ጽሑፍ እንዳሳዩት፣ አሸናፊው የሁለተኛውን ዋጋ በሚከፍልበት ጨረታ ለተጫራቹ ከሁሉ የሚሻለው ዕቃው ለእርሱ የሚያወጣውን ዋጋ ሳይቀንስና ሳይጨምር መጻፍ ነው። ቢቀንስ የሚከፍለው አይቀንስለትም፤ በተመጣጣኝ ዋጋ ሊያገኘው የሚችለውን ዕቃ ግን ሊያጣ ይችላል። ቢጨምር ደግሞ ለእርሱ ከሚያወጣው በላይ ሊከፍል ይችላል። ቪክሪ እ.ኤ.አ. በ1996 የኖቤል ሽልማት እንደተሰጣቸው በተነገረ በሦስተኛው ቀን አረፉ። የቴምብር ነጋዴዎች ግን ይህን ደንብ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ ይሠሩበት ነበር።

የጠገራ ብሩ ሒሳብ

ጉዳዩን በምሳሌ ለማየት፣ ለጨረታ አዘውትሮ የሚቀርበውን የማርያ ትሬዛ ጠገራ ብር እንውሰድ። ንግሥቲቱ የሞተችው እ.ኤ.አ. በ1780 ቢሆንም፣ ብሩ ያንኑ ዓመት እንደያዘ ከዚያ በኋላም ሲመታ ኖሯል። ስለዚህ 1780 የሚለው ጽሑፍ ብቻውን የብሩን ዕድሜ አይናገርም። ሻጩ «ከሁለት መቶ ዓመት በላይ የቆየ» ቢል፣ ገዢው ማስረጃ ሊጠይቅ ይገባዋል።

የብሩ ክብደት 28 ግራም ያህል ሲሆን፣ ከዚህ ውስጥ ንጹሑ ብር 23 ከግማሽ ግራም ገደማ ነው። ይህም ብረቱ በዓለም ገበያ ከሚሸጥበት አውንስ ሦስት አራተኛውን ያህላል። አንድ አውንስ ብር 40 ዶላር ቢሸጥ፣ ጠገራው ቢቀልጥ እንኳ 30 ዶላር ያወጣል ማለት ነው። ከዚያ በላይ ያለው ዋጋ ሰብሳቢው ለታሪኩና ለይዞታው የሚጨምረው ነው። አንድ ተጫራች ሁሉን ነገር አስቦ ከ58 ዶላር በላይ ላለመክፈል ወሰነ እንበል። የፖስታ ማጓጓዣው 6 ዶላር ከሆነ፣ ለኮምፒዩተሩ የሚሰጠው ጣራ 52 ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ማጓጓዣውንና ግብሩን ሳያስብ 58 ብሎ ይጽፍና፣ ዕቃው እጁ ሲገባ ከቆረጠው በላይ መክፈሉን ያየዋል።

ተፎካካሪው ጣራውን 40 ቢያደርግ፣ የመጀመሪያው ሰው በ41 ዶላር ያሸንፋል። ቀሪው 11 ዶላር በኪሱ ይቀራል።

የመጨረሻዋ ደቂቃ

ችግሩ ሁሉም ተጫራች በቪክሪ ትምህርት የማይመራ መሆኑ ነው። የመጀመሪያው ሰው 52ቱን ጨረታው ሊዘጋ አምስት ቀን ሲቀረው አስገባ እንበል። ባለ 40ው ተጫራች መበለጡን ያይና 45 ይጽፋል። አሁንም ሲበለጥ 50 ያደርገዋል። በዚያ ቢያቆም እንኳ አሸናፊው በ41 ፈንታ 51 ዶላር ይከፍላል። እልኸኛው ወደ 53 ቢወጣ ደግሞ ዕቃውን በ53 ይወስዳል፤ በመጀመሪያው ቀን ግን ከ40 በላይ አያወጣም ብሎ የነበረው እርሱው ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው፣ በፉክክር መሐል የተቆረጠ ዋጋ ብዙ ጊዜ ጸጸትን ያስከትላል።

ልምድ ያላቸው ተጫራቾች ጣራቸውን ጨረታው ሊዘጋ ጥቂት ሰከንዶች ሲቀሩት የሚያስገቡት ለዚህ ነው። እልኸኛው መልስ የሚሰጥበት ጊዜ አያገኝም። የዕቃውን ምንነት የሚያውቅ ባለሙያም «እገሌ ከተጫረተማ ዕቃው ደህና ነው» የሚሉትን ተከታዮች ያመልጣል። አልቪን ሮትና አክሰል ኦከንፌልስ የተባሉት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2002 ባወጡት ጥናት ከተመለከቷቸው 240 የኢቤይ ጨረታዎች፣ በ89ኙ በመጨረሻዋ ደቂቃ፣ በ29ኙ ደግሞ በመጨረሻዎቹ አሥር ሰከንዶች ዋጋ ቀርቧል። በዚያን ጊዜ አማዞንም ጨረታ ያካሂድ ነበር። በአማዞን ግን በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች ዋጋ ከቀረበ መዝጊያው በአሥር ደቂቃ ይራዘም ስለነበር፣ እንዲህ ያለው ጥድፊያ እጅግ አነስተኛ ነበር። ከዚህ እንደሚታየው ተጫራቾችን ወደ መጨረሻዋ ሰከንድ የገፋቸው ጠባያቸው ብቻ ሳይሆን የመዝጊያው ደንብም ጭምር ነው።

ይሁን እንጂ ዘግይቶ መግባት የራሱ አደጋ አለው። መስመሩ ከተቋረጠ ወይም ኮምፒዩተሩ ከዘገየ ዋጋው ሳይገባ ይቀራል። በተጨማሪም ተፎካካሪው እውነተኛ ጣራውን አስቀድሞ አስገብቶ ከሆነ፣ በመጨረሻዋ ሰከንድ መምጣት የሚያስገኘው አንዳች ቅናሽ የለም።

ያሸነፈ ሁሉ አተረፈ ማለት አይደለም

እ.ኤ.አ. በ1971 ሦስት የነዳጅ መሐንዲሶች በባሕር ውስጥ የነዳጅ ቦታዎች ጨረታ ያሸነፉ ኩባንያዎች ለምን የጠበቁትን ትርፍ እንዳላገኙ ሲያስረዱ፣ ነገሩ በኋላ «የአሸናፊ እርግማን» ተባለ። የዕቃውን እውነተኛ ዋጋ ማንም በእርግጥ በማያውቅበት ጊዜ የሚያሸንፈው ከሁሉ አብልጦ የገመተው ነው፤ አብልጦ የገመተው ደግሞ የተሳሳተው የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። ስለሆነም ለመሸጥ የሚገዛ ሰው፣ በተለይም ተጫራቹ ሲበዛ፣ ከግምቱ ቀነስ ማድረግ ይኖርበታል። ለራሱ መገልገያ የሚገዛ ግን የሌላው ግምት ብዙም አያሳስበው።

ነውሩና ወጉ

በመጨረሻዋ ሰከንድ መግባት አንዳንዶችን ቢያስቆጣም በኢቤይ ደንብ የተፈቀደ ነው። ከሁሉ የከፋው ነውር ሻጩ በሌላ ስም ወይም በወዳጆቹ በኩል የራሱን ዕቃ ዋጋ ማስወጣቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 በ25 ሳንቲም መነሻ የቀረበ አንድ ሥዕል የታዋቂው ሠዓሊ የሪቻርድ ዲበንኮርን ሥራ ሳይሆን አይቀርም ተብሎ እስከ 135,805 ዶላር ደርሶ ነበር። ሻጩ በራሱ ሥዕል ላይ መጫረቱ ሲታወቅ ኢቤይ ሽያጩን ሰረዘው፤ ጉዳዩም በወንጀል ክስ ተጠናቀቀ። ጣራውን አስቀድሞ የቆረጠ ሰው በእንዲህ ያለው ሐሰተኛ ተጫራች ቢገፋ እንኳ ከጣራው በላይ አይሄድም።

ለገዢውም ወግ አለው። ጥያቄ ካለ የሚጠየቀው ከመጫረት በፊት ነው፤ ለጠገራው ክብደቱ ስንት እንደሆነ፣ በጠርዙ ላይ ያለው የላቲን ጽሑፍም ይታይ እንደሆነ መጠየቅ ተገቢ ነው። የተሰጠ ዋጋ የታሰረ ቃል ነው። 9 ዶላር ከ95 ለመጻፍ ታስቦ 99 ዶላር ከ50 ቢጻፍ ማንሳት ይቻላል፤ ሐሳብን መለወጥ ግን ምክንያት አይሆንም። ሻጩን «ጨረታውን ተወውና ለብቻችን እንጨርስ» ማለትም ክልክል ነው። ካሸነፉ በኋላ ሳይዘገዩ መክፈል፣ ዕቃው ሲደርስም ስለ ሻጩ ትክክለኛውን ምስክርነት መጻፍ ይገባል። እ.ኤ.አ. ከ2008 ወዲህ ሻጭ በገዢ ላይ መጥፎ ምስክርነት እንዳይጽፍ ስለተከለከለ፣ ገዢው በዚህ ሥልጣን ቅናሽ ማስፈራሪያ አድርጎ መጠየቁ ነውር ነው።

የዘመድ ስም

ይህ ሁሉ ክብደት የሚያገኘው ጨረታው በዘመድ በኩል ሲሆን ነው። አዲስ አበባ ያለ ሰው ዋሽንግተን ላለችው እህቱ ስልክ ደውሎ «ያን ዕቃ እንዳያመልጠን» ቢላት፣ ጣራ ሳይሰጣት አደራ ሰጣት ማለት ነው። በዋጋው የምትታሰረው እርሷ ናት። ቢቀርባት በወንድሟ ዘንድ ትወቀሳለች፤ አብዝታ ብትከፍል ደግሞ ልዩነቱን ለመጠየቅ ታፍራለች። ስለሆነም ላኪው ማጓጓዣውን ጨምሮ የመጨረሻውን ቁጥር በዶላር ነግሯት፣ ከዚያ ካለፈ እንድትተወው አስቀድሞ ሊስማማ ይገባል። ጠገራ ብር ሌላ ቀንም ለጨረታ ይቀርባል። በአንድ ሳንቲም ሰበብ የሻከረ ዝምድና ግን ጨረታ ወጥቶለት አይመለስም።