ቴምብሩ የሚጸናው እስከ የት ነው? የግል ፖስታ ድርጅቶች የቱሪስት ቴምብርና ለወልቂጤና ለቡታጅራ ያለው አንድምታ

መግቢያ

ጎብኚዎች ፖስት ካርድ ሲገዙ ቴምብሩን የሚገዙት አብዛኛውን ጊዜ ከዚያው ሱቅ ነው። በአንዳንድ አገሮች ይህን ገበያ የግል ፖስታ ድርጅቶች ተጋርተውታል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ከአሠራሩ የሚገኘውን ትምህርት ከኢትዮጵያ የፖስታ ታሪክ ጋር አገናዝቦ ለጉራጌ ከተሞች ያለውን ፋይዳ ማመልከት ነው።

የግል ቴምብር ባሕርይ

በጣሊያን የቱሪስት ከተሞች «ግሎብ ፖስታል ሰርቪስ» የተሰኘው ድርጅት ኪውአር ኮድ ያለበትን ቴምብር በሱቆች ይሸጣል። ካርዱ የሚገባው ግን በድርጅቱ በራሱ ሣጥን ነው። ይህን ያልተረዳ ጎብኚ ካርዱን በመደበኛው ፖስታ ቀይ ሣጥን ሲከት፣ የከፈለው ክፍያ ካርዱን ለተረከበው ፖስታ አይቆጠርለትም። በኒው ዚላንድም እ.ኤ.አ. የ1998 የፖስታ ሕግ ገበያውን ከከፈተ በኋላ የግል ድርጅቶች የየራሳቸውን ቴምብር አውጥተዋል። እንግዲህ ቴምብር የቅድሚያ ክፍያ ማረጋገጫ ነው፤ የሚጸናውም ክፍያውን በሚቀበለው መረብ ውስጥ ብቻ ነው።

የኢትዮጵያ ተሞክሮ

ይህ ችግር ለአገራችን እንግዳ አይደለም። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ፖስታን ሲያቋቁሙ የመጀመሪያዎቹ ቴምብሮች በፓሪስ ታተሙ። ኢትዮጵያ የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል የሆነችው ግን በ1901 ዓ.ም. ነበር። እስከዚያ ድረስ የኢትዮጵያ ቴምብር ከድንበር ውጭ አይጸናም ነበርና፣ ወደ ውጭ አገር የሚላክ ደብዳቤ በጅቡቲ በኩል ሲያልፍ የፈረንሳይ ቅኝ ግዛት ቴምብር ተጨምሮ ይለጠፍበት ነበር። ላኪው ሁለት ጊዜ ይከፍል ነበር ማለት ነው።

አንድምታው ለወልቂጤና ለቡታጅራ

እ.ኤ.አ. በ1980 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የጥያ ትክል ድንጋይ የሚገኘው ከአዲስ አበባ ወደ ቡታጅራ በሚወስደው መንገድ ላይ ነው፤ ወልቂጤም የጅማ መንገድ መተላለፊያ ናት። የግል ቴምብር ሽያጭ በእነዚህ ከተሞች ቢፈቀድ ለሱቆች ተጨማሪ ገቢ ሊያስገኝ ይችላል። በአንጻሩ ካርዶቹ ተሰብስበው በሌላ ስፍራ የሚስተናገዱ ከሆነ፣ የከተማውን ስም የያዘው የፖስታ ማኅተም አይመታባቸውም፤ የአካባቢው ፖስታ ቤትም ገቢ ያጣል።

ስለዚህ ፈቃድ ከመሰጠቱ በፊት ሦስት ነጥቦች ሊሟሉ ይገባል፦

1. በቴምብሩ ላይ የድርጅቱ ስምና ካርዱ የሚገባበት ሣጥን በግልጽ ይታተም።
2. በስሕተት በሌላው ሣጥን የገባ ካርድ እንዴት እንደሚተላለፍና ወጪውን ማን እንደሚሸፍን በስምምነት ይወሰን።
3. ድርጅቱ ሥራውን ቢያቆም ቴምብር ለገዙ ሰዎች ገንዘባቸው የሚመለስበት ዋስትና ይያዝ።

ማጠቃለያ

የግል ድርጅቶች መግባት በራሱ ጉዳት አይደለም። ጉዳቱ ገዢው የገዛው ቴምብር እስከ የት እንደሚጸና ሳያውቅ መክፈሉ ነው። ይህን ግልጽ የማድረግ ግዴታ በጎብኚው ላይ ሳይሆን በሻጩና በፈቃድ ሰጪው አካል ላይ ሊወድቅ ይገባል።