ቁጥር የሌለው መስቀል፦ ተከታታይ ቁጥር በላስታ ቅርሶች ምርምርና ጥበቃ

ተከታታይ ቁጥር ማለት አንድ ዓይነት ለሆኑ በርካታ ነገሮች፣ አንዱ ከሌላው እንዲለይ፣ ሳይደገም በተራ የሚሰጥ መለያ ነው። በብር ኖት ላይ ታትሞ፣ በመኪና ሻንሲ ላይ ተቀርጾ፣ በሞባይል ስልክ ውስጥ ተቀምጦ እናገኘዋለን። ብዙዎቻችን ቁጥሩን የምናስታውሰው ዕቃው የጠፋ ዕለት ነው። በዚህ ጽሑፍ ስለ ስልክና ስለ መኪና ብዙ አንልም። ይልቁንም ወደ ላስታ ደጋ ተሻግረን፣ በላሊበላና በአካባቢዋ ባሉ አብያተ ክርስቲያናት ዕቃ ቤቶች ውስጥ የሚገኙ መስቀሎችና የብራና መጻሕፍት በቁጥር ሲመዘገቡ ምን እንደሚያገኙ፣ ሳይመዘገቡ ሲቀሩ ምን እንደሚደርስባቸው፣ ቁጥሩም ራሱ ምን ጉድለት እንዳለበት ለመመርመር እንሞክራለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት፣ ዓ.ም. ካላልን በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ላሊበላ ራሷ ባለ ቁጥር ናት። ውቅር አብያተ ክርስቲያናቱ በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ሲሰፍሩ የያዙት ቁጥር 18 ነው። በዚያው ዓመት የተመዘገበው የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ 9፣ በ1979 የተመዘገበው የፋሲል ግቢ 19፣ በ1980 የተመዘገቡት የታችኛው አዋሽ ሸለቆ 10፣ ጢያ 12፣ አክሱም 15፣ የታችኛው ኦሞ ሸለቆ 17 ናቸው። አንባቢ ልብ ይበል፤ የአክሱም ቁጥር ከላሊበላ ቁጥር ያነሰ ሲሆን፣ ምዝገባው ግን በሁለት ዓመት ዘግይቷል። ይህ የሆነው ቁጥሩ ለማመልከቻው ፋይል የሚሰጥ እንጂ ፋይሉ በጸደቀበት ቀን የሚሰጥ ስላልሆነ ነው። ከሁሉ የሚያስገርመው የመልካ ቁንጥሬና የባልጪት ጉዳይ ነው፤ በ2024 የተመዘገበው ይህ ሥፍራ ቁጥሩ 13 ነው። በ2023 በአንድ ጉባኤ ከተመዘገቡት ሁለት የኢትዮጵያ ቅርሶችም የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር 1641 ሲሆን የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ 111 ነው። እነዚህን ቁጥሮች ብቻ በጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ የሚያይ ተመራማሪ፣ አንድም ደብዳቤ ሳያነብ፣ ኢትዮጵያ ገና ከመዝገቡ መጀመሪያ ብዙ ማመልከቻዎችን በአንድነት እንዳቀረበች፣ ከእነርሱም አንዳንዱ ፋይል ለአርባ ዓመት ያህል ሲጠብቅ እንደ ኖረ መገመት ይችላል። ተራውን የጠበቀ ቁጥር ከመለየት አልፎ ታሪክ ይናገራል ማለት ነው።

በዚህ ጠባይ ከተጠቀሙት መካከል በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የነበሩ የተባበሩት መንግሥታት ስታቲስቲክስ ባለሙያዎች በሰፊው ይታወቃሉ። ጥያቄያቸው ጀርመን በወር ስንት ታንክ ታመርታለች የሚል ነበር። የስለላ ሰዎች በነሐሴ 1942 የተመረተውን 1,550 ነው ብለው ገመቱ። ባለሙያዎቹ ግን ከተማረኩና ከተመቱ ታንኮች ካምቢዮና ሌሎች ክፍሎች ላይ ተከታታይ ቁጥሮችን ለቅመው ሲያሰሉ 327 አገኙ። ከጦርነቱ በኋላ በጀርመኖች መዝገብ የተገኘው አኃዝ 342 ነበር። ቁጥሩ ከአንድ የሚጀምር ከሆነ የስሌቱ መሠረት ቀላል ነው፤ ከታዩት ቁጥሮች ትልቁ በታዩት ዕቃዎች ብዛት ይካፈላል፣ ድርሻው በዚያው በትልቁ ቁጥር ላይ ይደመራል፣ ከድምሩ አንድ ይቀነሳል።

ይህ ስሌት ለተመራማሪ የሚጠቅመውን ያህል ለሌባም ይጠቅማል። አንድ የላስታ ደብር ንዋያተ ቅድሳቱን ከ1 ጀምሮ በተራ ቆጥሮ ቁጥሩን በግልጽ ጻፈባቸው እንበል። ለበዓል በወጡ ሦስት መስቀሎች ላይ 14፣ 57 እና 83 የተባሉትን ቁጥሮች ያየ እንግዳ፣ 83 ሲደመር 27.7 ሲቀነስ 1 ብሎ፣ በዕቃ ቤቱ ውስጥ ወደ 110 የሚጠጋ ንብረት እንዳለ ሊገምት ይችላል። ስለዚህ በዕቃው ላይ የሚጻፈው ቁጥር ተራውን ያልጠበቀ ቢሆን፣ ተራው ደግሞ በገበዙ እጅ ባለው ባሕር መዝገብ ውስጥ ብቻ ቢቀመጥ ይሻላል ባዮች ነን። የሚያስወጣው ገንዘብ የለም፤ የሚጠይቀው አንድ ተጨማሪ ዓምድ ብቻ ነው።

ወደ ብራና መጻሕፍቱ እንለፍ። በ1973 የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ከአሜሪካው የኮሌጅቪል፣ ሚኒሶታ፣ የብራና መጻሕፍት ቤተ መዛግብት ጋር በመተባበር የአገሪቱን የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም ማንሣት የተጀመረ ሲሆን፣ ሥራው ቆይቶ ሲቆም ዘጠኝ ሺህ ያህል መጻሕፍት ተነሥተው ነበር። እያንዳንዱ መጽሐፍ ኢ.ኤም.ኤም.ኤል. በሚል ምኅጻር ሥር ተከታታይ ቁጥር ተሰጥቶታል። በዚህ ዘርፍ የሚጽፍ ሊቅ ሁሉ መጽሐፉን የሚጠራው በቁጥሩ ነው፤ ለምሳሌ 1832 ሲባል፣ አቡነ ኢየሱስ ሞዓ በ1280/81 ለሐይቅ እስጢፋኖስ የሰጡት አራቱ ወንጌል መሆኑ ወዲያው ይታወቃል። የእነዚህን መጻሕፍት ዝርዝር በማዘጋጀት ዕድሜያቸውን የፈጁት ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ (1931–2021) ናቸው። ቁጥሩ ለምርምር ያመጣውን ለውጥ ለመረዳት፣ በኢትዮጵያ ውስጥ ስንት «ተአምረ ማርያም»፣ ስንት «ዳዊት» እንዳለ ማሰብ ብቻ ይበቃል። በአርእስቱ ብቻ ቢጠሩ የትኛው የትኛው እንደ ሆነ ማንም አያውቅም።

የሚገርመው ግን ይህ ቁጥር የፊልሙ እንጂ የመጽሐፉ አለመሆኑ ነው። በብራናው ላይ ምንም ሳይጻፍበት እንኳ ፊልሙ ምስክር ይሆናል። በአሜሪካ በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ የሃይማኖት ትምህርት ቤት ትዊድ ኤም.ኤስ. 150 በሚል መለያ ተቀምጦ የነበረ የግእዝ መጽሐፍ በ2016 ለደብረ ሊባኖስ ገዳም ተመልሷል። ዩኒቨርሲቲው መጽሐፉን ያገኘው በስጦታ ነበር። ይሁን እንጂ መጽሐፉ ከመወሰዱ በፊት በገዳሙ ሳለ በማይክሮፊልም ተነሥቶ ስለ ነበር፣ ባለቤቱ ማን እንደ ሆነ ለማወቅ ተቻለ። ሁለት መዛግብት፣ ሁለት የተለያዩ ቁጥሮች፣ አንድ መጽሐፍ።

በላስታ የሚታወቀው የስርቆት ታሪክ የአፍሮ አይገባ ነው። ሰባት ኪሎ ግራም ያህል የሚመዝነው ይህ የቤተ መድኃኔ ዓለም መስቀል በ1997 ተሰርቆ፣ ከአገር ወጥቶ፣ ቤልጅየም ውስጥ በአንድ ሰብሳቢ እጅ ተገኝቶ በ2001 ተመልሷል። አፍሮ አይገባን ያዳነው ዝናው ነው። በስም የሚታወቅ፣ ምእመናን የተሳለሙት፣ ጎብኚ ሁሉ ፎቶግራፍ ያነሣው መስቀል ስለሆነ፣ የትም ቢሄድ ያውቁታል። በይምርሐነ ክርስቶስ፣ በገነተ ማርያም፣ በብልብላ ወይም ስሙ በመጽሐፍ ባልተጻፈ አንድ የገጠር ደብር ያለች ትንሽ የእጅ መስቀል ግን ይህ ዕድል የላትም። ከመቶ መሰሎቿ ጋር በአንድ የውጭ አገር ሱቅ ብትደረደር የኛ ናት ለማለት ምን ማስረጃ ይቀርባል?

ጥያቄው የሕግም ጥያቄ ነው። የባህል ንብረቶችን ሕገ ወጥ ዝውውር የሚከለክለው የ1970 የዩኔስኮ ስምምነት፣ በሰባተኛው አንቀጹ፣ ከሙዚየም ወይም ከሃይማኖት ተቋም የተሰረቀ ንብረት ወደ አባል አገሮች እንዳይገባ ሲከለክል አንድ ቅድመ ሁኔታ አስቀምጧል፤ ንብረቱ በዚያ ተቋም መዝገብ የሰፈረ መሆኑ መረጋገጥ አለበት። ኢትዮጵያ ይህን ስምምነት በ2003 አጽድቃለች፤ ከዚያ በፊት የወጣው አዋጅ ቁጥር 209/1992 ዓ.ም.ም ቅርሶች እንዲመዘገቡ ያዛል። ስለዚህ ያልተመዘገበ መስቀል በላስታ ሕዝብ ኅሊና ተሰረቀ ቢባልም፣ ይህ የስምምነቱ አንቀጽ ሊደርስለት ያዳግተዋል። ጨካኝ ድንጋጌ ይመስላል፤ ሆኖም የገዢው አገር ጉምሩክ መዝገብ ከሌለ በምን ይለየው?

መዝገብ ሲባል ግን ቁጥር ብቻ አይደለም። ቁጥር በቀላሉ ይፋቃል፣ ይቀየራል። በ1997 ይፋ የሆነው ኦብጀክት አይዲ የተባለ ዓለም አቀፍ መመዘኛ የዕቃውን ዓይነት፣ የተሠራበትን ነገር፣ ልኩን፣ ጽሕፈቱን፣ ዘመኑን፣ ፎቶግራፉን፣ በተለይም ከመሰሎቹ የሚለይበትን ምልክት እንድንመዘግብ ይጠይቃል። የተሰበረ ክንፍ፣ የተበየደ ዘንግ፣ በሻማ የተቃጠለ የብራና ጠርዝ ለሌባ ማጥፋት ይከብዱታል። ቁጥሩ እነዚህን ሁሉ ወደሚገልጸው ገጽ የሚመራ ቁልፍ ነው። ታቦትን በተመለከተ ግን ፎቶግራፍ ማንሣትም ሆነ ምእመን ማስቀረብ ስለማይቻል፣ ልኩንና ጽሕፈቱን ካህናቱ ራሳቸው ጽፈው በራሳቸው ዘንድ ቢያኖሩት እንጂ ሌላ መንገድ አይታየንም። የኤድንበራው የቅዱስ ዮሐንስ ቤተ ክርስቲያን በ2002 የመለሰው የመቅደላ ታቦት እንደሚያስታውሰን፣ ታቦትም ይዘረፋል።

ቁልፉ ከተሳሳተ ደግሞ በሩ አይከፈትም። ቁጥሮች በእጅ ሲገለበጡ ስሕተት ይገባባቸዋል፤ 8 እንደ 3 ይነበባል፣ 83 ተገላብጦ 38 ይሆናል። በግእዝ አኃዝ የተጻፈ እንደ ሆነም ፮ እና ፯ ምን ያህል እንደሚመሳሰሉ የድጓ ተማሪ ያውቃል። ለዚህ የሒሳብ ሰዎች ያገኙት መድኃኒት በቁጥሩ መጨረሻ አንድ አረጋጋጭ አኃዝ መጨመር ነው። ከላይ ያነሣነውን 1832 እንውሰድ። አኃዞቹን በቅደም ተከተል በ5፣ በ4፣ በ3 እና በ2 እናባዛ፤ 5፣ 32፣ 9 እና 4 እናገኛለን፤ ድምሩ 50 ነው። 50 ላይ ስንት ቢጨመር ለ11 ያለ ቀሪ ይካፈላል? 5። ስለዚህ ቁጥሩ 1832-5 ተብሎ ይጻፋል። አሁን ጸሐፊው ተሳስቶ 1382-5 ቢል፣ 5፣ 12፣ 24፣ 4 እና 5 ተደምረው 50 ይሆናሉ፤ 50 ለ11 ሲካፈል 6 ይቀራል፤ ስሕተቱ ተጋለጠ። 8ን 3 አድርጎ 1332-5 ቢጽፍም ድምሩ 35 ሆኖ 2 ይቀራል።

የምሥጢሩ ሥር 11 ብቸኛ ቁጥር መሆኑ ነው። አንድ አኃዝ ሲሳሳት ድምሩ የሚለወጠው ከ11 ባነሱ የሁለት ቁጥሮች ብዜት ነው፤ እንዲህ ያለ ብዜት ደግሞ ለ11 ፈጽሞ አይካፈልም። ሁለት የተለያዩ አኃዞች ቦታ ሲለዋወጡም እንዲሁ ነው። በዚህ ዘዴ አንዳንዴ አረጋጋጩ 10 ይሆናል። በተመሳሳይ ስሌት ይሠራ የነበረው የመጻሕፍት መለያ፣ ባለ አሥር አኃዙ አይ.ኤስ.ቢ.ኤን.፣ ለዚህ የሮማውያንን የአሥር ምልክት ተውሷል። እኛ መበደር አያስፈልገንም፤ አሥርን በአንድ ምልክት የሚጽፍ ፲ አለን። የሞባይል ስልክ ያለው አንባቢም *#06# ቢደውል የሚያየው ባለ 15 አኃዝ ቁጥር የመጨረሻው አኃዝ፣ ስሌቱ ቢለይም፣ ይኸው አረጋጋጭ ነው።

ቁጥሩ የት ይጻፍ የሚለው ቀላል አይደለም። በብራና ላይ በቀለም ማኅተም መምታት ጉዳት ነው፤ በለስላሳ እርሳስ በውስጠኛው ገጽ ኅዳግ መጻፍ በቂ ነው። በብረት መስቀል ላይ መቅረጽ ፈጽሞ አይመከርም። በሙዚየሞች የተለመደው፣ ሲፈለግ በማሟሚያ ሊነሣ የሚችል ግልጽ ቫርኒሽ በጥቂቱ ቀብቶ፣ ሲደርቅ ቁጥሩን በላዩ ጽፎ፣ በሌላ ቅብ መሸፈን ነው። መስቀል ግን የሙዚየም ዕቃ አይደለም፤ ምእመናን ይሳለሙታል፣ በዕጣን ጢስ ውስጥ ይውላል። ስለዚህ ቁጥሩ የሚሻለው ከንፈር ከማይደርስበትና ሐረግ ከሌለበት፣ ከዘንጉ ማስገቢያ በታች ነው። የት እንደሚጻፍ የመጨረሻው ቃል የካህናቱ ይሁን።

አባቶችም መለያና ጥበቃ አላጡም ነበር። በመጽሐፉ ባዶ ገጽ ላይ የሰጪው ስምና የደብሩ ስም ይጻፋል፤ ቀጥሎም የሰረቀውን፣ የፋቀውን የሚያወግዝ ግዝት ይከተላል። ሻጮች ያን ገጽ የሚቀዱት ወይም የሚፍቁት ያለ ምክንያት አይደለም። ጉድለቱ ግዝቱ ላይ ሳይሆን፣ ማስረጃውም ዕቃውም አብረው በአንድ ቦታ መኖራቸው ላይ ነው፤ መጽሐፉ ሲሄድ ምስክሩም አብሮ ይሄዳል። ባሕር መዝገቡም በዚያው ዕቃ ቤት ሣጥን ውስጥ ብቻ ከተቀመጠ ዕጣው ያው ነው። በ2021 ከነሐሴ እስከ ታኅሣሥ ባሉት ወራት ላሊበላ በጦርነቱ ከአንድ ጊዜ በላይ ከእጅ ወደ እጅ ስትዘዋወር፣ የመዝገብ ቅጂ ሌላ ቦታ መኖሩ ምን ማለት እንደ ሆነ ለማንም ግልጽ ሆኗል። አንድ ቅጂ በደብሩ፣ አንድ በሀገረ ስብከቱ፣ አንድ ከፎቶግራፎቹ ጋር ከአካባቢው ውጭ፤ በዕቃ ቤቱ አንድ ነገር ሲገባና ሲወጣ ሦስቱም በዚያው ሳምንት ይታረማሉ።