አብረው የተወለዱ ዲስኮች፤ ስለ ኤስኤስዲና ስለ ሬይድ አጭር ጥናት



የጥናት ክበባችን እዚህ አሽራፊዬ የትምህርት ማስታወሻዎቹን የሚያኖርበት ባለ ሁለት ኤስኤስዲ ሰርቨር ገዝቶ ነበር። «አንዱ ዲስክ ቢሞት ሌላው ይተርፋል» ብለን ያለ ሐሳብ ተቀመጥን። አንድ ማታ ከመካከላችን አንዱ ተሳስቶ የአናቶሚውን ማኅደር ሰረዘ፤ በዚያው ቅጽበት ከሁለተኛውም ዲስክ ጠፋ። የሁለት ዓመት የጋራ ድካም ነበር። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ሬይድ የሚያድነውንና የማያድነውን ለይቶ ማሳየት ነው።

ሀ/ ሬይድ ምንድን ነው?

እ.ኤ.አ. በ1988 ፓተርሰን፣ ጊብሰንና ካትዝ የተባሉ የበርክሌይ ተመራማሪዎች ብዙ ርካሽ ዲስኮችን እንደ አንድ አስተማማኝ ዲስክ ስለ ማሠራት ጽሑፍ አወጡ። ሬይድ 1 አንዱን መረጃ በሁለት ዲስክ ላይ እኩል ይጽፋል። ሬይድ 5 ደግሞ በስሌት ይጠብቃል። አንዱ ዲስክ 5፣ ሌላው 3፣ ሦስተኛው ድምሩን 8 ይዟል እንበል። 3ን የያዘው ቢሞት ከ8 ላይ 5 ቀንሰን እናገኘዋለን። እውነተኛው ስሌት በ0 እና በ1 ቢሠራም ሐሳቡ ይኸው ነው። ሁለቱ አብረው ከሞቱ ግን የሚቀነስ ነገር የለም።

ለ/ ኤስኤስዲ ሲገባ ምን ይለወጣል?

ኤስኤስዲ የሚሽከረከር አካል የለውም፤ ፈጣን ነው። ነገር ግን ሕዋሶቹ በተጻፈባቸውና በተደመሰሱ ቁጥር ያረጃሉ። ሬይድ ሥራውን እኩል ስለሚያካፍል ዲስኮቹም እኩል ያረጃሉ። ይህን ከሕክምና እናውቀዋለን፤ ሰው አንድ ኩላሊቱን ለወንድሙ ሰጥቶ በቀረው ይኖራል፤ ደም ውስጥ የገባ መርዝ ግን ሁለቱንም ያገኛቸዋል።

ለዚህ ተጨባጭ ማስረጃ አለ። በኖቬምበር 2019 ሂውሌት ፓካርድ ኢንተርፕራይዝ አንዳንድ ኤስኤስዲዎቹ በፈርምዌር ጉድለት ምክንያት 32,768 ሰዓት ሲሞላቸው እንደሚሞቱ፣ መረጃውም እንደማይመለስ አስታወቀ። ይህም 3 ዓመት ከ270 ቀን ከ8 ሰዓት ነው። በአንድ ቀን ሥራ የጀመሩ ዲስኮች በአንድ ጊዜ ይሞታሉ ማለት ነው። መድኃኒቱ አዲሱን ፈርምዌር ቀድሞ መጫን ነበር።

ሐ/ የመብራት ጉዳይ

መብራት ጠፍቶ ወደ ሰፈሩ ጄኔሬተር እስኪዛወር ድረስ ያሉት ጥቂት ሰከንዶች አደገኛ ናቸው። ኤስኤስዲው ገና ያልጻፈው መረጃ ሊጠፋ፣ በሬይድ 5 ደግሞ መረጃው ተጽፎ «ድምሩ» ሳይስተካከል ሊቀር ይችላል። ለዚህ ሲባል ለሰርቨር የሚሠሩ ብዙ ኤስኤስዲዎች የጀመሩትን ጽፈው እስኪጨርሱ ኃይል የሚሰጥ ካፓሲተር አላቸው።

መ/ እንግዲህ ምን እናድርግ?

1/ ዲስኮቹን ከተለያየ ምርትና ዕድሜ እናሰባጥር፤ ፈርምዌራቸውን እናድስ።
2/ ካፓሲተር ያላቸውን እንምረጥ፤ ዩፒኤስም እንጨምር።
3/ ሌላ ቅጂ ከሰርቨሩ ተለይቶ፣ በሌላ ቤት፣ ቢቻል በሌላ ከተማ ይቀመጥ።
4/ ቅጂው በእርግጥ እንደሚከፈት በየወሩ እንሞክር።

ሦስተኛው ነጥብ ለቤይሩት ነዋሪ ማብራሪያ አያሻውም። ኦገስት 4 ቀን 2020 ወደቡ ሲፈነዳ እዚሁ አሽራፊዬ የሚገኘው የቅዱስ ጊዮርጊስ ሆስፒታል 4 ነርሶቹን አጣ፤ ሕሙማኑን አስወጥቶ ሥራ አቆመ። እንዲህ ባለ ቀን በአንድ ክፍል ያሉ አሥር ዲስኮች እንደ አንድ ዲስክ ናቸው።

በመጨረሻም የአናቶሚውን ማስታወሻ በወረቀትም ሆነ በስልኩ የያዘ አባል ሁሉ ወደሚቀጥለው ስብሰባ ይዞ እንዲመጣ አደራ እንላለን። ማኅደሩን እንደገና የምንሠራው በየእጃችን ከተረፈው ነው።