እህል፣ ብድርና የሰው ክብር
ስለ ቤተ ክርስቲያን የልማት ሥራ ለምእመናንና ለትምህርተ ክርስቶስ መምህራን የተዘጋጀ ጥናት



በዚህ ትምህርት የምንመረምረው ቤተ ክርስቲያን ለተራበው እህል ስትሰጥ፣ ምንጭ ስታጐለብት፣ የገበሬ ማኅበር ስታቋቁም ምን እያደረገች እንደ ሆነ ነው። ጥያቄው ቀላል ይመስላል። በደብረ ታቦርና በዙሪያዋ ባሉት የደቡብ ጎንደር ደጋማ ወረዳዎች ግን ቀላል አይደለም። በዚህ አገር ካቶሊካውያን በቍጥር እጅግ ጥቂቶች ነን፤ ጎረቤቶቻችን በአብዛኛው የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመናን፣ ከእነርሱም ጋር ሙስሊሞች ናቸው። ከእኛ እጅ የወጣ አንድ ቍና እህል «ይህ ለምን ተሰጠ?» የሚል ጥያቄ ሳያስነሣ አያልፍም።

ጥያቄውን በቅሬታ ልንቀበለው አይገባም፤ ምክንያት አለውና። ዐፄ ሱስንዮስ እ.ኤ.አ. በ1622 የካቶሊክን እምነት በይፋ ከተቀበሉ በኋላ እምነቱን በዐዋጅ በሕዝቡ ላይ ለመጫን ሞክረዋል። ከዚህ የተነሣ ብዙ ደም ፈስሶ እ.ኤ.አ. በ1632 ሕዝቡ ወደ ቀድሞ ሃይማኖቱ እንዲመለስ ፈቅደው ዙፋናቸውን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ። ይህ ታሪክ በጎንደርና በጣና ዙሪያ እንደ ትናንት የሚታወስ ነው። ሁለተኛውም ታሪክ ደብረ ታቦርን በቀጥታ ይነካል። አቡነ መስያስ (ጉልየልሞ ማሳያ) በደቡቡ የሀገራችን ክፍል ብዙ ሕዝብ የፈንጣጣ ክትባት እየከተቡ ያገለገሉ ሚስዮናዊ ነበሩ፤ ሆኖም እ.ኤ.አ. በ1879 ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ወደ ደብረ ታቦር አስጠርተው ከሀገር እንዲወጡ አደረጉ። ክትባቱ መልካም ሥራ መሆኑን የካደ አልነበረም፤ የተፈራው ከበስተኋላው ይኖራል የተባለው ነገር ነበር።

እንግዲህ ቤተ ክርስቲያናችን ለዚህ ጥርጣሬ የምትሰጠው መልስ ምንድን ነው? ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት በነዲክቶስ ዐሥራ ስድስተኛ እ.ኤ.አ. በ2005 ስለ እግዚአብሔር ፍቅር በጻፉት ሐዋርያዊ መልእክት ላይ ጕዳዩን ግልጽ አድርገውታል፤ የፍቅር ሥራ ሰውን ወደ ራስ እምነት ለመሳብ መሣሪያ ሊሆን አይገባውም፤ ፍቅር በነጻ የሚሰጥ ነው። ይህ ማለት ስለ እምነታችን እንፈር ማለት አይደለም፤ መቼ መናገር፣ መቼም ዝም ብሎ ማገልገል እንደሚገባ ማወቅ ነው እንጂ።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ከእብናት ወይም ከታች ጋይንት ገጠር የመጣች አንዲት እናት ወደ ትምህርተ ክርስቶስ መምህሩ ቀርባ፣ «ልጆቼን ካስመዘገብሁ ስማችን ከእህሉ መዝገብ ይገባልን?» ብላ ብትጠይቅ፣ መምህሩ ምን ይመልስ? «አይሆንም» ብሎ ማሰናበት ይቻላል፤ ግን ተርባለች። «እሺ» ብሎ መመዝገብም ይቻላል፤ ግን ያን ጊዜ የእግዚአብሔርን ቃል በእህል ሸጦታል፤ እርስዋም እምነቷን የሸጠች መስሎ እንዲሰማት አድርጓታል። ትክክለኛው መልስ ሁለቱን መዝገቦች ፈጽሞ መለየት ነው። እህሉ ለችግረኛ ሁሉ ነው፤ ችግረኛው ማን እንደ ሆነም የሚያውቁት የቀበሌዋ ሽማግሌዎች፣ የዕድሩ ዳኞችና ጎረቤቶቿ ናቸው። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ ስድስት ላይ የመበለቶች ድርሻ ተጓደለ የሚል ቅሬታ በተነሣ ጊዜ ሐዋርያት ያደረጉትን አስታውሱ፤ መዝገቡን በእጃቸው አልያዙም፤ ማኅበሩ መልካም ምስክር ያላቸውን ሰባት ሰዎች እንዲመርጥ አደረጉ። የትምህርተ ክርስቶስ መምህር የእህል መዝገብ ባይዝ ይሻላል የሚል አስተያየት አለን፤ በዚህ የማይስማሙ ወንድሞች እንዳሉም እናውቃለን።

በ1977 ዓ.ም. በነበረው ታላቅ ረኃብ የኢትዮጵያ ካቶሊክ ጽሕፈት ቤት፣ የካቶሊክ ርዳታ አገልግሎት፣ የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያንና የሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን እህል በጋራ አጓጕዘዋል፤ ኋላም የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን በኅብረቱ ገብታለች። በእምነት ሲከራከሩ የኖሩትን ወገኖች ያቀራረባቸው የተራበው ሕዝብ ነበር።

እህል ግን የዕለት ነው። ለዘለቄታው ምን ይደረግ ለሚለው፣ ከሩቅ አገር ቢሆንም ለእኛ የሚቀርብ አንድ ታሪክ አለ፤ ሰፋ አድርገን የምንተርከውም ስለዚህ ነው።

በህንድ ምሥራቃዊ ክፍል ቾታ ናግፑር በሚባል ደጋ አገር ሙንዳና ኦራኦን የተባሉ ሕዝቦች ይኖራሉ። እነዚህ ገበሬዎች ባለፈው ምእት ዓመት በፊት በነበረው ዘመን አባቶቻቸው የመነጠሩትን መሬት በባለርስቶችና በአራጣ አበዳሪዎች እየተነጠቁ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1885 ወደዚያ የመጡት ቤልጅጋዊው ኢየሱሳዊ አባ ኮንስታንት ሊቨንስ የመሬትን ሕግ አጥንተው ገበሬዎቹ በፍርድ ቤት መብታቸውን እንዲከራከሩ ረዱአቸው። ከዚህ በኋላ እጅግ ብዙ ሕዝብ ተጠመቀ። ያን ጊዜም «ለእምነቱ ነውን ወይስ ለመሬቱ?» ተብሎ ተጠይቋል፤ ጥያቄው የእኛ ብቻ አለመሆኑን ልብ በሉ።

ከእርሳቸው በኋላ የመጡት ጀርመናዊው አባ ዮሐን ሆፍማን ነገሩን ከሥሩ ተመለከቱት። እ.ኤ.አ. በ1908 የነባሮቹን ሕዝቦች መሬት ለመጠበቅ የወጣው የቾታ ናግፑር የገባሮች ሕግ ሲዘጋጅ በዕውቀታቸው ረዱ። ነገር ግን ገበሬው በዕዳ እስከ ተያዘ ድረስ ሕግ ብቻውን መሬቱን እንደማያድንለት ተረድተው ነበር፤ ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ1909 የካቶሊክ የኅብረት ሥራ የብድር ማኅበር አቋቋሙ። ገበሬዎቹ ከየራሳቸው ጥቂት ጥቂት እየቆጠቡ ለራሳቸው በመጠነኛ ወለድ ይበደሩ ጀመር። አባ ሆፍማን በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ጀርመናዊ በመሆናቸው ከህንድ ተባረሩ፤ ማኅበሩ ግን አብሮአቸው አልተባረረም፤ የገበሬዎቹ ነበርና።

ይህን ታሪክ ወደ ጉና ተራራ ግርጌ እናምጣው። የርብና የጉማራ ወንዞች ከጉና ተነሥተው አፈሩን እየጠረጉ ወደ ፎገራ ሜዳና ወደ ጣና ይወርዳሉ። በላይ ጋይንት፣ በታች ጋይንት፣ በስማዳና በእብናት መሬቱ ተሸርሽሯል፤ ማሳውም ለወራሾች ሲከፋፈል ጠብቧል። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ መንግሥት የዘረጋው የሴፍቲኔት ፕሮግራም ብዙ ቤተሰብ በእርከን ሥራ እያሰማራ እህል ወይም ገንዘብ ሲከፍል ቆይቷል። ይሁንና ጎተራው የተራቈተበት የክረምት ወቅት ሲመጣ ገበሬው ይበደራል፤ ጥቅምትና ኅዳር ላይ ያፈራውንም ለዕዳ ያስረክባል። አራጣ ኃጢአት መሆኑን በስብከት ከመናገር አልፈን፣ ገበሬው ከአራጣ ሌላ የሚሄድበት በር እንዳለው ጠይቀን እናውቃለን?

ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ ዐሥራ አንደኛ እ.ኤ.አ. በ1931 ባስተላለፉት መልእክት፣ ትንሹ ማኅበር ሊሠራው የሚችለውን ሥራ ትልቁ እንዳይነጥቀው አስተምረዋል። ዮሐንስ ሃያ ሦስተኛም እ.ኤ.አ. በ1961 ገበሬዎች በኅብረት ሥራ ማኅበር ተደራጅተው የዕድገታቸው ባለቤት ራሳቸው እንዲሆኑ አሳስበዋል። ለእኛ ትንሹ ማኅበር እንግዳ ነገር አይደለም፤ ዕድር፣ ዕቁብ፣ ሰንበቴ፣ ደቦና ወንፈል ነው። ፕሮጀክት ይዞ የሚመጣ ድርጅት እነዚህን ትቶ አዲስ ኮሚቴ ሲያቋቁም፣ ኮሚቴው ከፕሮጀክቱ ጋር ሲሞት ይታያል፤ የሚቀረው ሰሌዳው ብቻ ነው። (ሰሌዳው አንዳንዴ ከጕድጓዱ ይበልጣል።) በአንጻሩ በመኸር ጊዜ እያንዳንዱ አባል ጥቂት ቍና እህል ወደ ጋራ ጎተራ ቢያስገባና በክረምት በመጠነኛ ጭማሪ ቢበደር፣ ቍልፉም በዕድሩ ዳኛና በአንዲት በተመረጠች ሴት እጅ ቢሆን፣ የውጭ ገንዘብ ሳይጠበቅ ሥራው ይጀመራል። የሴቷን ነገር ያነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም፤ እህሉ ሲያልቅ አስቀድማ የምታውቀው እርስዋ ናት።

ይህን ትምህርት በቁምስናችሁ ስታጠኑ በመጀመሪያው ስብሰባ ገንዘብ አታሰባስቡ። በመንደራችሁ ሰው ከማን እንደሚበደር፣ በሐምሌ አንድ ቍና የወሰደ በኅዳር ስንት እንደሚመልስ ጠይቃችሁ ጻፉ። ስም መጻፍ አያስፈልግም፤ ቍጥሩ ይበቃል። ከኦርቶዶክስና ከሙስሊም ጎረቤቶቻችሁ መካከል በዕድር የታመኑትን ሽማግሌዎች ለሁለተኛው ስብሰባ ጥሩ፤ የመጀመሪያውን ንግግርም ለእነርሱ ተዉላቸው።