ፎስፌትና ናይትሬት በተዘጋ ውኃ ውስጥ፦ የዓሣ ኩሬ የንጥረ ምግብ ሒሳብ በአሶሳና አካባቢው

አኅጽሮተ ጽሑፍ

ዓሣ የሚረባበት ኩሬ በየቀኑ መኖ ይቀበላል፤ ከመኖው ውስጥ ወደ ሥጋ የሚለወጠው ግን ከፊሉ ብቻ ነው። የቀረው ናይትሮጅንና ፎስፎረስ በውኃውና በዝቃጩ ውስጥ ይከማቻል። ይህ አጭር ጽሑፍ ሁለቱ ንጥረ ምግቦች የሚከተሉትን የተለያየ ጉዞ በገቢና ወጪ ሒሳብ ያሳያል። ናይትሬት ወደ ጋዝነት ተለውጦ ከውኃ ሊወጣ ይችላል፤ ፎስፌት ግን አንድ አካል ካላወጣው በቀር አይወጣም። የአሶሳ አካባቢ አሲዳማ ቀይ አፈር በዚህ ሒሳብ ውስጥ ያለው ድርሻና ጉዳዩ ለንጋት ሐይቅ ያለው ትርጉምም ተዳስሷል።

1. መግቢያ

ስለ ፎስፌትና ናይትሬት ቁጥጥር እጅግ ጥንቃቄ የተሞላበት ልምድ ያላቸው ኮራልን በቤታቸው የመስታወት ገንዳ የሚያሳድጉ ሰዎች ናቸው። የተፈጥሮ ኮራል የሚኖርበት የባሕር ውኃ በንጥረ ምግብ እጅግ ድሃ ነው። ፎስፌት ሲበዛ የኮራሉን የኖራ አጽም አሠራር ያውካል፤ አልጌም ቦታውን ይወርሳል። ስለዚህ አሳዳጊዎቹ መኖ ይመጥናሉ፣ አረፋ በሚለይ መሣሪያ ቆሻሻን ያወጣሉ፣ በተለየ ክፍል አልጌ አሳድገው ያጭዳሉ፣ ፎስፌትን የሚይዝ የብረት ኦክሳይድ ጠጠርም ይጠቀማሉ። ንጥረ ምግቡን ፈጽሞ ወደ ዜሮ ማውረድም ኮራሉን እንደሚያስርብ ያውቃሉ። ዓላማቸው ማጥፋት ሳይሆን መመጠን ነው።

አሶሳ ከባሕር የራቀች ከተማ ብትሆንም የእነዚህ ዘዴዎች መሠረት የሆነው ኬሚስትሪ ቆሮሶና አምባዛ በሚረባበት የአፈር ኩሬም ያው ነው። ልዩነቱ በመጠኑና በሚፈለገው ግብ ላይ ነው። ለኮራል ጥፋት የሚሆነው የፎስፌት መጠን በቆሮሶ ኩሬ ውስጥ ጠቃሚ አልጌን የሚመግብ ማዳበሪያ ሊሆን ይችላል። አደጋው የሚጀምረው አልጌው ከልክ ሲያልፍ ነው። ቀን ኦክስጅን ያመነጨው አልጌ ሌሊት ኦክስጅን ይጠቀማል፤ ዓሣውም ጎሕ ሲቀድ በውኃው ገጽ አፉን ከፍቶ አየር ሲፈልግ ይታያል።

2. የሁለቱ ንጥረ ምግቦች ጉዞ

ዓሣ ፕሮቲንን ሲፈጭ ናይትሮጅንን በዋናነት በአሞኒያ መልክ በስንጥቡ ያስወግዳል። እንደ ናይትሮሶሞናስ ያሉ ባክቴሪያዎች አሞኒያን ወደ ናይትራይት፣ እንደ ናይትሮስፓይራ ያሉት ደግሞ ናይትራይትን ወደ ናይትሬት ይለውጣሉ። አሞኒያና ናይትራይት ለዓሣ መርዛማ ናቸው፤ ናይትሬት በንጽጽር ጉዳቱ አነስተኛ ነው። የመጨረሻው ደረጃ ኦክስጅን በሌለበት ዝቃጭ ውስጥ ይፈጸማል። በዚያ ያሉ ባክቴሪያዎች በኦክስጅን ምትክ ናይትሬትን ተጠቅመው ወደ ናይትሮጅን ጋዝ ይለውጡታል፤ ጋዙም ወደ አየር ይመለሳል።

ፎስፎረስ እንዲህ ያለ የአየር መውጫ የለውም። ከመኖና ከኩስ የተለቀቀ ፎስፌት በአልጌ ይወሰዳል፣ ወይም ከብረት፣ ከአሉሚኒየምና ከካልሲየም ጋር ተጣብቆ ወደ ዝቃጭ ይወርዳል። ይህ መቀመጫ እንጂ መውጫ አይደለም። ዝቃጩ ኦክስጅን ሲያጣ ፎስፌቱን የያዘው የብረት ኦክሳይድ ይሟሟል፤ ፎስፌቱም ወደ ውኃው ይመለሳል። ይህ የውስጥ ጭነት የሚባለው ክስተት መኖ ከቀነሰ በኋላም የውኃው አረንጓዴነት ለምን እንደማይለቅ ያስረዳል። የኮራል አሳዳጊዎችም ተመሳሳይ ነገር ያጋጥማቸዋል፦ ከውኃው ያስወገዱት ፎስፌት ከኖራ ድንጋዮቹ እየወጣ ይተካል።

3. ሒሳቡ በአንድ ኩሬ ሲታይ

ነገሩን በቁጥር ለማየት 200 ካሬ ሜትር ስፋትና በአማካይ 1 ሜትር ጥልቀት ያለው ኩሬ እንውሰድ። ኩሬው 200 ሜትር ኩብ ውኃ ይይዛል። በቀን 2 ኪሎ ግራም መኖ ይሰጠዋል እንበል። መኖው 30 በመቶ ፕሮቲን ካለውና ከፕሮቲኑ 16 በመቶው ናይትሮጅን ከሆነ፣ በቀን የሚገባው ናይትሮጅን 96 ግራም ነው። ፎስፎረስ ከመኖው ክብደት 1 በመቶ ቢሆን 20 ግራም ይሆናል። ዓሣው ከሁለቱም ሩቡን በሥጋውና በአጥንቱ ያስቀራል ብለን ብንነሣ፣ 72 ግራም ናይትሮጅንና 15 ግራም ፎስፎረስ በኩሬው ይቀራል።

ይህ በሊትር ሲሰላ በቀን 0.36 ሚሊ ግራም ናይትሮጅንና 0.075 ሚሊ ግራም ፎስፎረስ ነው። ምንም ካልወጣና ምንም ካልተጣበቀ በ30 ቀን ውስጥ 10.8 ሚሊ ግራም ናይትሮጅንና 2.25 ሚሊ ግራም ፎስፎረስ በሊትር ይደርሳል። በናይትሬት ሲገለጽ 48፣ በፎስፌት ሲገለጽ 6.9 ሚሊ ግራም ያህል ይሆናል። እውነተኛው ኩሬ ከዚህ በታች ይሆናል፤ ሒሳቡ የሚያሳየው የጭነቱን ጣራ ነው።

አሁን ውኃ መለወጥን እንመዝን። በየሳምንቱ 0.525 ሚሊ ግራም ፎስፎረስ በሊትር የሚጨመርበት ኩሬ፣ ውኃው በሳምንት አንድ ጊዜ 10 በመቶ ቢለወጥለት፣ ከለውጡ በፊት የሚረጋበት መጠን 5.25 ሚሊ ግራም በሊትር ነው። ግማሹ ውኃ ቢለወጥ ወደ 1.05 ይወርዳል። ነገር ግን በየሳምንቱ 100 ሜትር ኩብ ውኃ ማግኘት በበጋ ወራት ለአብዛኛው አርሶ አደር የማይታሰብ ነው። መኖውን በግማሽ መቀነስ ግን ያለ አንዳች ተጨማሪ ውኃ የመጀመሪያውን መጠን በግማሽ ይቀንሰዋል። እንግዲህ ቁጥጥር የሚጀምረው ከማጣሪያው ሳይሆን ከመኖው ነው። ዓሣው በጥቂት ደቂቃ የማይጨርሰው መኖ የገንዘብም የውኃም ኪሳራ ነው።

ለአሶሳ አካባቢ ልዩ ትኩረት የሚሻ ሌላ ስሌት አለ። አንድ ግራም የአሞኒያ ናይትሮጅን ወደ ናይትሬት ሲለወጥ 4.57 ግራም ያህል ኦክስጅን ይፈጃል፤ በካልሲየም ካርቦኔት ሲለካ ደግሞ 7.14 ግራም ያህል አሲድን የመቋቋም አቅም ያጠፋል። 72 ግራሙ በሙሉ ቢለወጥ 330 ግራም ገደማ ኦክስጅንና ከግማሽ ኪሎ ግራም ጥቂት የሚበልጥ ኖራማ አቅም በቀን ይጠፋል። ናይትሬቱ ወደ ጋዝ ሲለወጥ ከጠፋው አቅም ግማሹ ያህል ይመለሳል። አሲዳማ አፈር ላይ የተቆፈረ ኩሬ ግን ከጅምሩ ይህ አቅም አነስተኛ ስለሆነ ፒኤቹ ሊወርድና የባክቴሪያዎቹ ሥራ ሊዳከም ይችላል። ኩሬ ከመሞላቱ በፊት የእርሻ ኖራ በወለሉ ላይ መበተን የሚመከረው በዚህ ምክንያት ነው።

4. ቀዩ አፈር፦ ወዳጅም ባለዕዳም

የአሶሳ ዞን አሲዳማ ቀይ አፈር በብረትና በአሉሚኒየም ኦክሳይድ የበለጸገ ነው። አርሶ አደሩ በማሽላና በበቆሎ ማሳው ላይ የሚጨምረው የፎስፌት ማዳበሪያ ከፊሉ በእነዚህ ኦክሳይዶች ተይዞ ለተክሉ ሳይደርስ ይቀራል። 100 ኪሎ ግራም ኤንፒኤስ ማዳበሪያ 38 ኪሎ ግራም የፎስፎረስ ኦክሳይድ፣ ማለትም 16.6 ኪሎ ግራም ያህል ፎስፎረስ ይይዛል። ለማሳው እንቅፋት የሆነው ይህ ባሕርይ ለኩሬው አገልግሎት ሊሆን ይችላል፤ በኮራል ገንዳ ውስጥ በውድ ዋጋ የሚገዛው የብረት ኦክሳይድ ጠጠር ሥራውም ይኸው ነውና።

ይሁን እንጂ አፈሩን እንዲሁ ወደ ኩሬ መድፋት አይገባም፤ ውኃውን ያደፈርሳል፣ የዓሣውን ስንጥብ ይጎዳል፣ ፒኤችንም ሊያወርድ ይችላል። ለአንድ የማስተርስ ጥናት የሚመጥን ቀላል ሙከራ ግን ሊነደፍ ይችላል። የደረቀና የተነፋ አፈር 0፣ 1፣ 5 እና 10 ግራም እየተመዘነ በአንድ አንድ ሊትር የኩሬ ውኃ ውስጥ ይጨመራል፤ ለ24 ሰዓት ይናወጣል፤ ተጣርቶም የቀረው ፎስፌትና ፒኤቹ ይለካል። ሁለተኛው ደረጃ ከመጀመሪያው ይበልጣል፦ ያንኑ አፈር አየር በማያስገባ ዕቃ አቆይቶ ስንቱን መልሶ እንደሚለቅ መለካት። የሚይዘውን ብቻ ለክቶ የሚለቀውን ያልለካ ጥናት ግማሽ ሒሳብ ነው።

ዘላቂው መፍትሔ ፎስፎረሱን ከኩሬው አውጥቶ ወደሚፈለግበት መመለስ ነው። ዓሣ ሲሰበሰብ ከፊሉ ይወጣል። በበጋ የኩሬውን ውኃ ለጎመንና ለሽንኩርት መደብ ወይም ለማንጎ ችግኝ ማጠጣት ሌላውን ያወጣል። በመጨረሻም ኩሬው ሲደርቅ ዝቃጩን ጠርጎ ወደ ማሳ መውሰድ ይቻላል። ማሳው አሲዳማ ከሆነ ዝቃጩን ከኖራ ጋር ማዋል ፎስፎረሱ እንደገና እንዳይታሰር ይረዳል።

5. ከኩሬ ወደ ሐይቅ

በመተከል ዞን ጉባ ወረዳ የተገነባው ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። ከግድቡ በስተጀርባ የተፈጠረው ንጋት ሐይቅ ሲሞላ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውኃ ይይዛል። የዓባይ ዓመታዊ ፍሰት በዚያ ቦታ 49 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ገደማ ስለሆነ፣ ውኃው በአማካይ አንድ ዓመት ተኩል ያህል ይቆያል። ከፈጣን ወንዝ ጋር ሲነጻጸር ይህ ለደለል ለመዝቀጥ፣ ለአልጌም ለመራባት በቂ ጊዜ ነው። ዳቡስና በለስ ከየተፋሰሳቸው የሚያመጡት አፈር ከነፎስፎረሱ ወደዚሁ ይገባል።

ሀገራችን ከዚህ በፊት የተማረችው አለ። እምቦጭ እ.ኤ.አ. በ1965 በቆቃ ሰው ሠራሽ ሐይቅ ታይቷል፤ እ.ኤ.አ. በ2011 ደግሞ በጣና ሐይቅ ተከስቶ ዛሬም ድረስ በእጅና በማሽን ይታጨዳል። አረሙ ራሱ ወራሪ ቢሆንም የሚያፋፋው በውኃው ያለው ንጥረ ምግብ ነው። ከካናዳም አንድ የታወቀ ማስረጃ አለ። እ.ኤ.አ. በ1973 ተመራማሪው ዴቪድ ሺንድለርና ባልደረቦቹ ሐይቅ 226 የተባለውን በመጋረጃ ለሁለት ከፍለው፣ በአንዱ ወገን ካርቦንና ናይትሮጅን፣ በሌላው ላይ ፎስፎረስ ጨምረው አስገቡ። በአልጌ የተሸፈነው ፎስፎረስ የተጨመረበት ወገን ነበር። አንዳንድ ሳያኖባክቴሪያ ናይትሮጅንን ከአየር መውሰድ ስለሚችል ናይትሮጅንን ብቻ መቀነስ በቂ አለመሆኑም ከዚህ ጋር ይያያዛል። ሞቃታማ ሐይቆች ብዙ ጊዜ የናይትሮጅን እጥረት ስለሚያሳዩ ግን ሁለቱንም መከታተል ያስፈልጋል።

6. ስለ አለካክ

የመለኪያ ስሕተት ሒሳቡን ሁሉ ያፈርሳል። የፎስፌት ናሙና በተወሰደበት ቦታ በ0.45 ማይክሮን ማጥለያ መጣራትና በቅዝቃዜ መቆየት አለበት። በክረምት ወራት የውኃው ቀይ ደፍራሽነት በቀለም ንባብ ላይ የሚመሠረቱ ዘዴዎችን ስለሚያሳስት ማጣራቱ ግዴታ ነው። ጠቅላላ ፎስፎረስ ለመለካት ግን ያልተጣራ ናሙና ያስፈልጋል፤ አብዛኛው ፎስፎረስ ከደለሉ ጋር ተጣብቆ ይመጣልና። ውጤት ሲዘገብ አኃዙ ናይትሬት ነው ወይስ በናይትሬት ውስጥ ያለ ናይትሮጅን የሚለው መገለጽ ይኖርበታል፤ በሁለቱ መካከል የ4.43 እጥፍ ልዩነት አለ። በፎስፌትና በፎስፎረስ መካከል ደግሞ 3.07 እጥፍ ነው። ናሙና ሁልጊዜ በአንድ ሰዓት መወሰድም አለበት፤ የኩሬ ፒኤችና ኦክስጅን ጠዋትና ከሰዓት በኋላ አንድ አይደሉም።

7. ማጠቃለያ

ናይትሬትን በዋናነት ባክቴሪያ፣ ፎስፌትን በዋናነት ሰው ያወጣዋል። ይህ ልዩነት ለኩሬ ባለቤት ሦስት ቅደም ተከተል ያላቸው ተግባራትን ይሰጣል፦ መኖን መመጠን፣ የውኃውን ኖራማ አቅምና ኦክስጅን መጠበቅ፣ ዝቃጩንና ውኃውን ወደ ማሳ መመለስ። በኩሬ ደረጃ ስሕተት ቢፈጠር ኩሬውን አድርቆ እንደገና መጀመር ይቻላል። ንጋት ሐይቅ ግን አይደርቅም፤ በዝቃጩ ውስጥ የተከማቸ ፎስፎረስም በማጭድ አይታረምም። ስለሆነም በዳቡስና በበለስ ተፋሰሶች የሚሠራ እያንዳንዱ እርከንና በወንዝ ዳር የሚቀር እያንዳንዱ የቀርከሃ መስመር የውኃ ጥራት ሥራ ተደርጎ ሊቆጠር ይገባል። ሐይቁ ገና ወጣት በሆነበት በዚህ ወቅት የሚሰበሰብ ወርኃዊ የፎስፎረስና የናይትሬት መረጃ ለሚመጡት ተመራማሪዎች መነሻ ስለሚሆን በአካባቢው ያሉ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ሥራውን ሳይዘገዩ ሊጀምሩት ይገባል።